ጆሯችሁን በዘፈን አፍታቱ

አሜሪካ በገባሁ በጥቂት ወር ውስጥ ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ሥራ ጀመርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ አንገቱን ብቅ አድርጎ «አም ጎና ኒድ ዩ ቱ ሙቭ ዛት ካር» አለኝ። «ኒድ ዩ» እና «ካር» የሚሉትን ያዝኩ። ሌላ ጊዜ ሊፈልገኝ ነው ብዬ «ኦኬ» አልኩና ሻዬን ቀጠልኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለስ መኪናው እዚያው ቆሟል፣ ሻዬም እጄ ላይ ነው። ፊቱን አለማየታችሁ ይሻላል።

ሰውዬው እኮ በትህትና ማዘዙ ነበር። አባባሉ «እስቲ መኪናውን አንሳልኝ» እንደማለት ነው፣ ያውም አሁኑኑ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምሬ ነው የመጣሁት። ግን የተማርኩት የሚነበበውን ነው። የሚሰማው ተጣብቆ ነው የሚወጣው። «ጎይንግ ቱ» ጎና ይሆናል፣ «ዎንት ቱ» ደግሞ ዋና። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ሁሉ ስለ ዋና የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። እኛስ ብንሆን «ጤና ይስጥልኝ»ን አሟልቶ የሚል ስንት ሰው አለ? «ጤናስጥልኝ» ብለን እናልፋለን።

ይህን ለመፍታት ከዘፈን የተሻለ አላገኘሁም። ሰውን «ድገምልኝ» የምትሉት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው፣ በሦስተኛው ታፍራላችሁ። ዘፋኝ መቶ ጊዜ ብታስደግሙት አይቆጣም።

በቢል ዊዘርስ ጀምሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሊን ኦን ሚ» («ተደገፈኝ» እንደማለት ነው) ዝግ ያለ ነው፣ ቃላቱም ጎረቤት ከጎረቤት የሚነጋገርባቸው ናቸው። ዊዘርስ ዘጠኝ ዓመት ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ከዚያም ፋብሪካ ውስጥ ለአውሮፕላን የሚሆን ሽንት ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። ለዚህ ይሆን ቃል የማያባክነው እላለሁ።

መጀመሪያ ግጥሙን ሳታዩ ስሙና የሰማችሁትን ጻፉ። በአማርኛ ፊደል ጻፉት፣ ማንም አያይባችሁም። እኔ የጻፍኩት «ሊኖንሚ» ነበር። ግጥሙን ከፍቼ ሳይ ሦስት ቃል ሆኖ አገኘሁት። «ን» ከ«ኦ» ጋር ተያይዛ «ኖ» ሆናለች። ለካ ስንት ዓመት የማላውቀው ቃል እየመሰለኝ የተደናገርኩት በማውቀው ቃል ነው! ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉና ከዘፋኙ ጋር አብራችሁ በሉ። አንድ ዘፈን ለአንድ ሳምንት ይበቃል። እኔ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ኧረ በናትህ ቀይረው» እስኪለኝ ድረስ ነው የዘፈንኩት። በሳምንቱ አንድ ደንበኛ «ዶንት ሊን ኦን ዘ ካር» ሲለኝ ከመኪናው ላይ ዘልዬ ተነሳሁ። «ዋት?» ሳልል ያለፍኩት የመጀመሪያ ቀን ነው።

የዶሊ ፓርተን «ናይን ቱ ፋይቭ» ደግሞ የ1980 ነው። ዜማውን ስታወጣ ረጅም ጥፍሮቿን እያፋጨች እንደ ታይፕራይተር ታስጮሃቸው ነበር። ፈጠን ስለሚል ለጆሮ ልምምድ አልመክረውም፣ ርዕሱን ግን ያዙት። «ናይን ቱ ፋይቭ ነው የምሠራው» ያለ ሰው መደበኛ የቀን ሥራ አለው ማለት ነው። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 11 መሆኑ ነው። ስድስት እየቀነሳችሁና እየደመራችሁ መኖር አያዋጣም። ለ«ናይን» የኢንተርቪው ቀጠሮ ተይዞለት ከምሳ በኋላ በዘጠኝ ሰዓታችን ከች ያለ ወዳጅ አለኝ።

ከዘፈን የማይወሰድም አለ። «ኤይንት» የሚለው ቃል («አይደለም» ለማለት ነው) ዘፈን ላይ ያምራል፣ ኢንተርቪው ላይ ግን አትበሉት። ራፕ ውስጥ በየመስመሩ የምትሰሙት፣ ጥቁሮችን መስደቢያ የነበረ ቃል አለ። ጥቁር አሜሪካውያን እርስ በርስ ሲባባሉ ሰምታችሁ ከአፋችሁ እንዳይወጣ፣ ሥራ ቦታ ከሆነ ደግሞ ሊያስባርር ይችላል። የቦብ ማርሌይን «ኖ ዉማን ኖ ክራይ» ስንቶቻችን «ሴት ከሌለ ለቅሶ የለም» ብለን ተረጎምነው! የጃማይካ አነጋገር ነው እንጂ ትርጉሙ «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ነው።

ስልክ ለሚያስፈራችሁ የስቲቪ ዎንደር የ1984ቱን «አይ ጀስት ኮልድ ቱ ሴይ አይ ላቭ ዩ» ስሙ፣ «እንዲያው እወድሻለሁ ልልሽ ነው የደወልኩት» እንደማለት ነው። ፍቅሩን ተዉትና «ጀስት»ን ያዙ። የእኛ «እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው» ላይ ያለችው «እንዲያው» ናት፣ ንግግር ታለሰልሳለች። ሳትገባኝ በፊት ክሊኒክ ደውዬ «አይ ዎንት አፖይንትመንት» ስል ከሌላው ጫፍ ያለችው ልጅ ድምጿ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን «ሃይ፣ አም ጀስት ኮሊንግ ቱ ሜክ አን አፖይንትመንት» እላለሁ። አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቅም በሩን ቆርቆር አድርጌ «አይ ጀስት ዋና አስክ» እያልኩ ነው የምገባው።