«ዴስፕረትሊ» አልገባ ሲል፦ ችግርና መፍትሔው

ችግር፦ ስትተረጉሙት ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ያጣል።

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ አባት የጠፋ ልጁን «ዴስፕረትሊ» (desperately) ፈለገ የሚል ታነባላችሁ። ፍቺውን ስታዩ ብዙ ጊዜ «ተስፋ በመቁረጥ» ይላል። ታዲያ ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን ሊፈልግ ይወጣል?

ምክንያቱ የቃሉ ሥር ነው። ከላቲን የመጣ ነው፤ እዚያ በእርግጥ ተስፋ ማጣት ማለት ነበር። የዛሬው አጠቃቀሙ ግን ሌላ ነው። በአማርኛ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነገሩን ትቶታል። «ዴስፕረትሊ» የሚፈልግ ሰው ግን አልተወም። አማራጭ እያለቀበት፣ ጊዜ እየጠበበው፣ ጨንቆት ይሮጣል። ማስረጃ ካስፈለገ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዴስፕረትሊ ሆፒንግ» ይላሉ። ተስፋ ከማድረግ ጋር ማለት ነው! ተስፋው ቢሞት ኖሮ እነዚህ ሁለት ቃላት አብረው ባልቆሙ።

መፍትሔው ቃሉን ለብቻው አለመተርጎም ነው። አጠገቡ ያለውን ቃል እዩ። ከ«ትራይ» ወይም ከ«ፋይት» ጋር ከሆነ የሞት ሽረት ትግል ነው። ከ«ዎንት» እና ከ«ኒድ» ጋር «አጥብቆ» ወይም «እጅግ» ይበቃዋል። «ዴስፕረትሊ ኢል» ከሆነ «በጠና ታሟል» በሉ፤ ከዚህ የተሻለ አማርኛ የለውም። «ዴስፕረትሊ ፑር» መናጢ ድሃ ነው። «ዴስፕረትሊ ኢን ላቭ» የተባለውም በፍቅር አብዷል። እኔ የምወደው ይሄን የቃሉን ባሕርይ ነው፤ እንደ ጎረቤቱ መልኩን ይቀያይራል፣ ውስጡ ያለው ጭንቀት ግን አይጠፋም።

ችግር፦ የሥራ ማመልከቻችሁ ልመና ይመስላል።

«አይ ዴስፕረትሊ ኒድ ዚስ ጆብ» ሰዋስዉ ትክክል ነው። ስሜቱ ግን ከባድ ነው። ጸሐፊው «በጣም እፈልገዋለሁ» ማለቱ ነበር፤ አንባቢው የሚሰማው «ጨንቆኛል፣ ድረሱልኝ» ነው። በማመልከቻ ላይ «ቬሪ ኢንተረስትድ» ወይም «ኪን» ይሻላል። ጉዳዩ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ደግሞ «ኧርጀንትሊ» አለላችሁ። እሱ ያጣድፋል እንጂ አያለቅስም። እውነት ሲጨንቃችሁ፣ ለቅርብ ወዳጅ ስትጽፉ ግን «ዴስፕረትሊ»ን አትፍሩት። የተፈጠረው ለዚያ ነው።

ችግር፦ ደስታን ለማጉላት ተጠቅማችሁ ሰሚው ግራ ተጋባ።

«ዴስፕረትሊ ሐፒ» ጆሮ ይቆረቁራል። ቃሉ የሚያጎላው ጉድለትን፣ ሥቃይን ወይም ናፍቆትን ነው። ለደስታ «ኢንክሬዲብሊ» በሉ።

ችግር፦ «ኖት ዴስፕረትሊ» ሲባል ትርጉሙ ይገለበጥባችኋል።

ይሄ በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ይገጥማል። አንድ ሰው «አይ አም ኖት ዴስፕረትሊ ኪን» ቢላችሁ ስለ ጭንቀቱ እየነገራችሁ አይደለም። «ብዙም አልጓጓሁም» እያለ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ «ይቅርብኝ» እንደማለት። ደጋግማችሁ አትጋብዙት።

ችግር፦ «አይ አም ዴስፕረትሊ ፎር ወርክ» ብላችሁ ታረማችሁ።

እዚህ የሚያስፈልገው «ሊ» የሌለው «ዴስፕረት» ነው፤ ምክንያቱም የሚገልጸው ሰውየውን ነው። «ሊ» ያለው ግስን ወይም ሌላ ቅጽል ያጠነክራል። ስለዚህ «አይ አም ዴስፕረት ፎር ወርክ»፣ ግን «አይ ዴስፕረትሊ ኒድ ወርክ»።

ቦታውም ያሳስታል። በግሱና በተሳቢው መሀል አትሰንቅሩት። «አይ ኒድ ዴስፕረትሊ ሄልፕ» አይባልም፤ ከግሱ በፊት አድርጉት። «ትራይድ ዴስፕረትሊ ቱ» ግን ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ስም ሳይሆን ሌላ ግስ ነው።

ችግር፦ ፊደሉ ይምታታል።

ከ«ፒ» (p) ቀጥሎ የሚጻፈው «ኢ» (e) ነው እንጂ «ኤ» (a) አይደለም። «ኤ» የሚገባው «ሴፓሬት» (separate) ላይ ነው። «ዲስፓሬት» (disparate) የሚባል ሌላ ቃልም አለ፤ የማይመሳሰሉ ነገሮችን ይገልጻል፣ ከጭንቀት ጋር አይገናኝም። ስታነቡት ደግሞ በፍጥነት «ዴስ‑ፕረት‑ሊ» በሉ፤ ጫናው «ዴስ» ላይ ነው።