ብረት በምት ሲጎዳ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

አዳማ ውስጥ ጋራዥም ብየዳ ቤትም ላላችሁ። ምት ብረት ውስጥ እንደ ሞገድ ነው የሚሄደው፣ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስለዚህ 20 ሳንቲ ሜትር ስካርፔሎ (በመዶሻ የሚመታው የብረት መሮ) ከአናቱ እስከ ስለቱ ለመድረስ 40 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይበቃዋል። ፈንጂና ጥይት የሚፈጥሩት ትክክለኛው ሾክ ዌቭ፣ ማለትም ድንገተኛ ሃይለኛ የግፊት ሞገድ ነው፣ መዶሻ የዚያ ታናሽ ወንድም በሉት።

የስካርፔሎው አናት ተዘርግቶ ጠርዙ ታጠፈ? ሞገዱ ብረቱ ከሚችለው ሲያልፍ የአተም ረድፎች ይንሸራተታሉ፣ ዲስሎኬሽን የሚባለው ነገር ነው፣ ደጋግማችሁ ስትመቱ ዲስሎኬሽኖቹ እርስ በርስ ይጠላለፉና መንሸራተት ያቅታቸዋል፣ ያኔ ጠርዙ ይጠነክራል ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪው አይን ውስጥ ነው የሚገባው። ጠርዙን በግራይንደር አንሱት፣ ውሃ እየነከራችሁ፣ ሰማያዊ እስኪሆን አታግሉት። አናቱን አግሎ ውሃ ውስጥ መክተት የሚባለውን ተዉት፣ መጠንከር ያለበት ስለቱ ብቻ ነው። መነጽር አድርጉ ደግሞ።

ከፊት መታችሁት ከጀርባ ተላጠ? ይሄ ነው ሰው የማያምነው። ቅብ ያለው የብረት ሳህን ከውጭ ሲጋጭ ቅቡ ከውስጥ ሲረግፍ አይታችኋል አይደል? ሞገዱ ሲሄድ ብረቱን ይጨምቃል፣ ጀርባው ባዶ አየር ከሆነ ግን ተገልብጦ ይመለሳል፣ ሲመለስ መጭመቅ ትቶ ይስባል፣ ብዙ ነገር ደግሞ መጨመቅን ችሎ መሳብን አይችልም። በርትራም ሆፕኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ የብረት ሳህን ላይ ፈንጂ እያፈነዳ ከጀርባው ቁራጭ ሲወረወር አሳይቷል። መፍትሄው ከኋላ ወፍራም ብረት ክፍተት ሳይኖር ግጥም አድርጎ መደገፍ ነው፣ ሞገዱ ወደዛኛው ያልፋል። እንጨት ብትደግፉ ብዙ አይረዳም፣ ቀላል ስለሆነ አብዛኛው ሞገድ ይመለሳል።

ክሮም ቡሶላ (ብሎን ላይ የሚገጠመው የመፍቻ ራስ) በአየር መፍቻ ተሰነጠቀ? የሚያብረቀርቀው ለእጅ ነው፣ ጥቁሩንና ወፍራሙን ግዙ፣ አለቀ።

ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ ማሽን) ላይ የምትሰሩ ካላችሁ ደግሞ፣ የማንጋኒዝ መንጋጋው ቶሎ አለቀ ማለት ሁልጊዜ እቃው አስመስሎ የተሰራ ነው ማለት አይደለም። ሃድፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ የብረት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1882 የሰራው 12 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝ ያለው ብረት በሃይል ሲመታ ነው የሚጠነክረው፣ ሬድ አሽ (ቀዩ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይ ደቃቅ ነገር ብቻ ከበላ ሳይጠነክር ይፈገፈጋል። ደቃቁን መጀመሪያ በወንፊት ለዩት፣ ስራችሁ ሬድ አሽ ብቻ ከሆነ ግን ከጅምሩ ጠንካራ የሆነ ሌላ ብረት ጠይቁ።