የድብርት መድኃኒት ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ምን ይደረግለት?

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት ኮንዶሚኒየሞች፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ለሚኖር ሰው አምቡላንስ ቶሎ ላይደርስ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ናቸው።

መድኃኒቱን እንደወሰደ ካወቃችሁ ምልክት አትጠብቁ። ወዲያው ወደ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (እሳትና ድንገተኛ አደጋ) ደውሉ። ሳይቱን፣ ብሎኩንና ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት ንገሩ። አንድ ሰው አስፋልት ድረስ ወጥቶ አምቡላንሱን ይቀበል።

መቸኮል ያለብን ለምንድነው? እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች ከመጠን ሲያልፉ የልብ ምት ያዛባሉ፣ የደም ግፊት ያወርዳሉ፣ ሰውነት ያንቀጠቅጣሉ። አሁን ደህና ሲያወራ የነበረ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የሌሎቹ፣ የፍሉኦክሴቲንና የመሰሎቹ፣ ጉዳት ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ ግን ይህን ቤት ቁጭ ብሎ መለየት አይቻልም። «ትንሽ ይተኛና ይለፍለት» የሚለው ነገር ነው ሰው የሚያሳጣን።

እንዲያስመልሰው ጣት አታስገቡበት። ወተት፣ ዘይት፣ የጨው ውሃ፣ የከሰል ዱቄት አታጠጡት። እየፈዘዘ ያለ ሰው የዋጠው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጸበሉም ከሆስፒታል በኋላ ይደርሳል።

ድብት ካለውና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። ከተንቀጠቀጠ አጥብቃችሁ አትያዙት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ፤ ጭንቅላቱ እንዳይጋጭ ጨርቅ አድርጉለት። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ በኃይል ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።

አምቡላንስ ከዘገየ የጎረቤት መኪና ይበቃል። የኋላ ወንበር ላይ በጎኑ ይተኛ፣ አንድ ሰው ትንፋሹን እያየ አብሮት ይሂድ። ባጃጅ ላይ ቁጭ አድርጎ መውሰድ ግን የአየር ቧንቧውን ሊዘጋበት ይችላል። ከአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ከሆናችሁ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ።

የመድኃኒቱን ማሸጊያና የቀረውን ፍሬ ሁሉ ያዙ። ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደወሰደ፣ መጠጥም ጨምሮ እንደሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ። ጎረቤት ይሰማል ብላችሁ «ምግብ ተመርዞ ነው» አትበሉ። ባለሙያው ኦክስጅን ይሰጣል፣ የልቡን ምት በማሽን ይከታተላል፣ ለመንቀጥቀጡ ዲያዜፓም ይወጋል። የልቡ ምት በአሚትሪፕቲሊን ምክንያት ከተዛባ ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ስር ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚወስነው እናንተ በምትነግሩት እውነት ላይ ተመስርቶ ነው።

መንገድ ላይ አትቆጡት። «ለምን እንዲህ አደረግህብን» የሚለው ጥያቄ ይቆይ። «አብረንህ ነን» በሉት። ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የአእምሮ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ። ቤት ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱን ሌላ የቤተሰብ አባል ቆልፎ ይያዝ፤ የየዕለቱን ብቻ እየቆጠረ ይስጠው።