ድሬዳዋ ላይ ቤትና መኪና ለወራት ዘግቶ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕቃ የሚበላሸው ሲሠራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ድሬ ላይ ግን ፍሪጅም መኪናም ክፉኛ የሚጎዱት ቆመው ነው። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ምስጡና የሆነ ቦታ የተረሳች ትንሽ ውኃ ሥራቸውን የሚሠሩት ባለቤቱ በሌለበት ነው። ከሁለት ሦስት ወር በላይ ቤት ዘግቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እነዚህ ላይ ነው።

ፍሪጁን ነቅሎ በሩን መዝጋት። ውስጡ የቀረው እርጥበት መውጫ ያጣና ይሻግታል። ሻጋታው የበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ከገባ ጥቁር ነጠብጣቡ በቀላሉ አይለቅም፤ ሽታውም ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ይንቀሉትና በረዶው በራሱ ጊዜ ይቅለጥ። በቢላ አይፈልፍሉት፤ ጋዙ የሚዞርበት ቱቦ ከበረዶው ሥር ስለሆነ አንዴ ከተበሳ ጋዙ አለቀ ማለት ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ውስጡን ይወልውሉ፤ የጎማውን እጥፋት በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ። ከኋላ ኮምፕረሰሩ አጠገብ የውኃ መቀበያ ሳህን ካለው እሱንም ያድርቁ፤ የሚረሳው እሱ ነው። ከዚያ በሩ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ አስገብተው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደተከፈተ በገመድ ይሰሩት። መደርደሪያዎቹን አያውጡ፤ ሕፃን ውስጡ እንዳይገባ ይከለክላሉ። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም በሩ ገርበብ ይበል፤ ከታች ያለው ማጣሪያ ተፈቶ ውኃው ይፍሰስ።

ሮቶና በርሜል ሞልቶ መሄድ። «ስመለስ ውኃ ባይኖርስ» የሚለው ስጋት ይገባናል። ነገር ግን ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ የሚጎዳው ጎረቤትን ጭምር ነውና። በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ መልክ የታየው በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሌላው የትንኝ በሽታ፣ ቺኩንጉንያ፣ ተከተለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለው ትንኝ ከድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ተገኘ። እነዚህ ትንኞች ሜዳ ላይ ያለ ረግረግ አይፈልጉም፤ ክዳኑ የተሰነጠቀ በርሜል ይበቃቸዋል። በዚህ ሙቀት እንቁላሉ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ትንኝ ይሆናል። ውኃውን ማፍሰስ ብቻውን አያድንም፤ ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን ከውኃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉም ለወራት ደርቆ ቆይቶ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ የውስጡን ግድግዳ በሻካራ ብሩሽ ፈትገው ይጠቡ፤ ካደረቁ በኋላ ክዳኑን ይግጠሙ፤ የትርፍ ውኃ መውጫውን ቱቦ አፍ በወንፊት ጨርቅ ሸፍነው ይሰሩት። በውኃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ካለ የእሱም ገንዳ እንደዚሁ ነው።

የጋዝ ሲሊንደርን ከምድጃው ጋር እንደተገጠመ ኩሽና ውስጥ መቆለፍ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ በተዘጋ ቤት ወለል ላይ ይከማቻል። ምድጃው እየነደደ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ ሲያልቅ ሬጉሌተሩን ይንቀሉ። ሲሊንደሩ ቆሞ፣ ጥላ ባለበትና አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

ካርቶን መሬት ላይ ከግድግዳ አስጠግቶ መደርደር። ምስጥ ካርቶኑን ይበላና ወደ ውስጡ ይዘልቃል። በብሎኬት ላይ ከፍ ያድርጉት፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቅ።

አሁን ወደ መኪናው። እዚህ ላይ በደግነት የሚፈጸመው ስህተት «በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሳልኝ» ብሎ ለዘበኛ ቁልፍ መስጠት ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በማርሚታውና በዘይቱ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ባትሪውም ለማስነሳት የከፈለውን አይመልስም። ወይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይነዳ፣ ወይ ጨርሶ አይነሳ። የማይነሳ ከሆነ ዘይቱን ከመሄድዎ በፊት ይቀይሩ፤ ያገለገለ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድ ብረቱን ይበላል። ባትሪውን ሙሉ ካስሞሉ በኋላ ነጋቲቩን ገመድ አስቀድመው ይፍቱ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.4 ላይ ሲደርስ እንደገና ይሞላ። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪ በራሱ የሚደክምበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ደጋው ሐረር የሚቆየውን ያህል ድሬ ላይ አይቆይም።

የእጅ ፍሬን ይዞ መተው። ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቅና ጎማው አልዞር ይላል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማዎቹን በታኮ ያስደግፉ። የጎማው ንፋስ ከተለመደው በ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ከፍ ይበል፤ በአንድ ጎን ተጨፍልቆ እንዳይቀር ይረዳዋል።

አቧራ የያዘ መኪና ላይ ላስቲክ መጣል። ነፋሱ ላስቲኩን ባወዛወዘ ቁጥር አቧራው ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፤ ከሥሩም ላብ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ይታጠብና ይድረቅ፤ ከዚያ አየር የሚያስገባ የጨርቅ ልብስ ይልበስ። ቦታ ሲመርጡ የወንዙን ደረቅ አሸዋ አይመኑት፤ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ያደረሰውን ጥፋት ከተማው ያውቀዋል። ውኃው የሚመጣው ከላይ ደጋው ላይ ከዘነበው ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ይደርሳል።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው በተመለሱበት ቀን ነው፤ ሁሉንም በአንዴ መክፈት። መኪናውን ከማስነሳትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው የአየር ማጣሪያውን ቤት ይፈትሹ፤ አይጥ ጎጆ ሠርታበት ሊሆን ይችላል፤ ገመዶቹ አለመበላታቸውንም ይዩ። ሬጉሌተሩን ከገጠሙ በኋላ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ክብሪት አይጫሩ። ፍሪጁን ባዶውን ይሰኩትና ቅዝቃዜው እስኪረጋ አንድ ቀን ያድር፤ ሥጋና ወተቱ በማግስቱ ይገባል።