በቅዱስ ጂኦሜትሪ የአትክልት ስፍራ ሲነድፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዱስ ጂኦሜትሪ ማለት መንፈሳዊ ትርጉም አላቸው በሚባሉ እንደ ክብ፣ ኮከብና ጠመዝማዛ ባሉ ቅርጾች መንደፍ ነው። በዚህ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ንድፉን ከላይ ወደ ታች ብቻ እያዩ መወሰን ነው። «የሕይወት አበባ» የሚባለው የ19 ክቦች ጥልፍልፍ ወረቀት ላይ ያስደምማል፤ በአትክልቱ መሐል የሚራመድ ሰው ግን ወፍ አይደለም። 4 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሣር 10 ሜትር ርቆ፣ ዐይንዎ ደግሞ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ብሎ ሲያየው፣ ለዐይን ቁመቱ የወርዱን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ መስሎ ይታያል። ክብነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ወይ ከፍ ያለ መመልከቻ ያብጁለት፣ ወይ ሰው መሐሉ ቆሞ ዙሪያውን እንዲያየው አድርገው ይሥሩት።

ታዋቂ ንድፍን አሳንሶ መቅዳትም አለ። በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው ላቢሪንት (እየተጠማዘዘ ወደ መሐል የሚያደርስ መንገድ) 11 ዙር አለው። ስፋቱ 13 ሜትር ግድም፣ መንገዱ ደግሞ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ያንኑ 5 ሜትር ቦታ ላይ ቢያሳርፉት መንገዱ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አንድ እግር እንኳ በወጉ አያስረግጥም። ዳርና ዳሩን ላቬንደር ከተከሉበትማ ጨርሶ ይዘጋል። ለጠባብ ቦታ 3 ዙር ይበቃል።

1.618 ላይ፣ ማለትም ረጅሙ ጎን ለአጭሩ ሲካፈል በሚገኘው «ወርቃማ ምጥጥን» ላይ፣ ሙጭጭ ማለትም ትርፉ ድካም ነው። 5 በ8 ሜትር የሆነ ሣር ከወርቃማው ምጥጥን የሚጎድለው 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ያጠረው ቁጥቋጦ ቅርንጫፉን ሲዘረጋ ይውጠዋል። (ናውቲለስ የተባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት እንኳ እንደሚወራለት በዚህ ምጥጥን የሚሰፋ ወርቃማ ጠመዝማዛ አይደለም።)

ኮከቡን፣ ጠመዝማዛውን፣ ስድስት ጎኑን ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ አያጭቁ። አንዱን ይምረጡ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ልኬቱን ነው። ሲባጎ ይለጠጣል፤ ክቡ ሲጀመርና ሲያልቅ አይገጥምም። የማይለጠጥ ሜትር ይጠቀሙ። ተዳፋት ላይ ደግሞ ሜትሩን መሬቱን አስከትለው ከዘረጉት ይሳሳታሉ፦ 30 በመቶ ባዘነበለ ቦታ 10 ሜትር ሲለኩ በአግድም የሚያገኙት 9.58 ሜትር ብቻ ነው፤ በንድፉ ላይ ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል። ሜትሩን በውሃ ልክ አግድም ወጥረው ነጥቡን በቱምቢ ያውርዱ። ለስድስት ጎን ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከመሐል እስከ ዳር ያለውን ርቀት በክቡ ዙሪያ ከችካል ወደ ችካል 6 ጊዜ ሲያስኬዱት መነሻው ላይ መግጠም አለበት። ካልገጠመ፣ ቁፋሮ ሳይጀምሩ እንደገና ይለኩ።