ከትንኝ ምራቅ እስከ ቁንጭር፦ በከተማው ዳርቻ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ ወይም በአቃቂ በኩል ለሚኖር ሰው ስለ ትንኝ ንክሻ ቢያነሱለት «እዚህ ደጋ ነው፤ እሱ የቆላ ጣጣ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ከፊል እውነት አለው። የሚረሳው ግን ንክሻ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ አለመሆኑን ነው። ደም መጣጭ ነፍሳት ከመምጠጣቸው በፊት ምራቃቸውን ቆዳችን ውስጥ ይለቃሉ። ደም ከሥሩ ሲወጣ ቶሎ ይረጋል፣ ሥሩም ይጠባል፤ ምራቁ ሁለቱንም ይከለክላል። የሴቷ ትንኝ አፍ ስድስት ቀጫጭን መውጊያዎች አሉት፤ በአንደኛው ደም ይወጣል፣ በሌላኛው ምራቅ ይገባል። ወባ የሚገባው በዚሁ በምራቁ መንገድ ነው።

እብጠቱን አይቶ መፍረድ

«ይህን ያህል ካበጠ ወባ ያለባት ትንኝ ናት» የሚሉ አሉ፤ «ምንም አላሳከከኝም፣ ደህና ነኝ» የሚሉም ሞልተዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሚያሳክከው ሰውነታችን በምራቁ ውስጥ ላለው ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ነው። ትንኟ የወባ ተውሳክ ኖራትም አልኖራትም እብጠቱ ያው ነው። የያዛት ትንኝ በአንድ ንክሻ የምትተወው ተውሳክ ብዙ ጊዜ ከ100 አይበልጥም፤ ይህን ቆዳ ላይ ማየትም ሆነ መዳሰስ አይቻልም።

ከእብጠቱ ይልቅ ቀኑን ይቁጠሩ። ለቅዳሜና እሁድ ቢሾፍቱ ወይም መተሐራ ወርደው ቢያድሩና ማክሰኞ ቢያተኩስዎ፣ ያ ትኩሳት የዚያ ሌሊት ወባ የመሆኑ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው፤ ተውሳኩ በጉበት ውስጥ ተባዝቶ ወደ ደም እስኪወጣ ቢያንስ ሰባት ቀን ገደማ ይፈልጋል። ሌላ ምክንያት ይፈለግለት። በሁለተኛው ሳምንት፣ ወይም ከወራት በኋላ ያተኮሰዎት እንደሆነ ግን ምርመራው ወባን ይጨምር። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ይነሳል። ለዚህ የሚታዘዘውን ፕሪማኩዊን «ተሽሎኛል» ብሎ በአምስተኛው ቀን ማቋረጥ ራሱን የቻለ ሌላ ስህተት ነው።

ሎሚና ነጭ ሽንኩርት መቀባት

ማሳከኩን ሊያስታግስ ይችል ይሆናል። ተውሳኩን ግን አያወጣም፤ አንዴ ቆዳ ውስጥ ከገባ መታጠብም፣ መጭመቅም፣ በሎሚ ማሸትም አይደርስበትም። በጥፍር መፋቅ ደግሞ ቁስል ከፍቶ መግል ይጋብዛል።

ሁሉም ነፍሳት በምራቅ ያስተላልፋሉ ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱ ሲለያይ መከላከያውም ይለያያልና። የወባ ተውሳክ በትንኟ የምራቅ ዕጢ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ምራቅ ሲፈስ አብሮ ይፈሳል። ቁንጭር የተባለውን የቆዳ ቁስል የሚያመጣው ሌይሽማንያ የተሰኘ ተውሳክ ግን የአሸዋ ዝንቧ የምራቅ ዕጢ ውስጥ አይገባም። የሚኖረው በአንጀቷ ነው፤ በዚያ ተባዝቶ ጉሮሮዋን በዝልግልግ ነገር ይደፍነዋል፣ ዝንቧ ለመምጠጥ ስትታገል መልሳ ቁስሉ ላይ ትተፋዋለች። ምራቋ ተሸካሚ ሳይሆን ቦታ አመቻች ነው፤ የደም ሥሩን ያሰፋል፣ የአካባቢውን የመከላከል አቅም ያደነዝዛል።

ቅማልን ከነዚህ ጋር መደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል። ግርሻ ትኩሳትን የሚያመጣው ባክቴሪያ በቅማል ምራቅ አይመጣም፤ ያለው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ነው። ቅማሉን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሃል «ጧ» አድርገው ሲገድሉት ፈሳሹ ጣት ላይ ይፈነጠቃል፤ በዚያው እጅ ያሳከከን ቦታ ሲያኩ ወይም ዓይን ሲያሹ ይገባል። ስለዚህ በጥፍር መግደል ይቅር። የሰውነት ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ልብሱን ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ ማጠብ ወይም መቀቀል፣ ከደረቀ በኋላ ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ይበቃል። የማይታጠበውን ላስቲክ ውስጥ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት። የግርሻ ሕክምናም ቤት የሚጀመር አይደለም፤ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ ባሉት ሰዓታት በሽተኛው በድንገት ሊብስበት ስለሚችል ጤና ተቋም ሆኖ ክትትል ያስፈልገዋል።

ትኋን እንቅልፍ ከመንሳት አልፎ በንክሻው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ስለ ትኋን የሚወጣው ፍርሃት ለአሸዋ ዝንብ ቢውል ይሻል ነበር።

«ደጋ ስለሆነ ምንም የለም»

ለወባ ትንኝ ብርዱ እውነትም እንቅፋት ነው፤ አብዛኛው ወባ ከ2,000 ሜትር በታች ነው የሚገኘው። የቁንጭሯ የአሸዋ ዝንብ ግን የደጋ ናት። እስከ 2,700 ሜትር ድረስ ትኖራለች፤ ሰበታ ዙሪያ ደግሞ በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ቋጥኝ ስንጥቅ፣ ዋሻ፣ የድንጋይ ካብ ትወዳለች፤ ተውሳኩን የምታገኘው በዚያው ቋጥኝ ውስጥ ከሚኖረው ሽኮኮ ነው። ተራራ ሥር አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ በጓሮው ሽኮኮ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት ድንጋይ ካለ ይህን ይወቅ።

የአሸዋ ዝንብ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ናት፤ ድምፅ የላትም፤ ስትቀመጥ ክንፏን ወደ ላይ ከፍታ ትይዛለች። የምትነክሰው ከምሽት በኋላ፣ የተጋለጠ ቆዳ ላይ ነው፤ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ተራ አጎበር ውስጥ ልትሾልክ ትችላለች። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ግን ቀዳዳው ቢያሳልፋትም ስትነካው ስለሚጎዳት ዋጋ አለው። ከመሸ ውጭ ከተቀመጡ ረጅም እጅጌና ካልሲ ይልበሱ፤ ዲት (ነፍሳትን የሚያባርር ንጥረ ነገር) ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለበትን ቅባት በተጋለጠው ቆዳ ላይ ይቀቡ።

ቁስሉን በጋለ ብረት መተኮስ

የቁንጭር ቁስል ከንክሻው በኋላ ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ትንሽ እባጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰዉ ንክሻውን ረስቶታል። አንዳንድ ቦታ የሌሊት ወፍ ሽንት ያመጣው ነው ይባላል። በብረት ወይም በቅጠል ከተቃጠለ ጠባሳው ይሰፋል፣ ምርመራውም ይበላሻል። ተውሳኩ በብዛት የሚገኘው በቁስሉ ጠርዝ ስለሆነ ናሙናው ከዚያ ይወሰዳል፤ ከመሃሉ ቅርፊት የተወሰደ ናሙና ባዶ ሊሆን ይችላል። ወር ያለፈው፣ በተለመደ ቅባት ያልዳነ የፊት ቁስል ቆዳ ሐኪም ይየው።

«ለምደነዋል»

የአካባቢው ሰው ከልጅነቱ ስለተነከሰ አይያዝም የሚለው አባባል ሙሉ ለሙሉ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የተሳሳተው መደምደሚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ የአሸዋ ዝንብ ምራቅ ከሌይሽማንያ ጋር ሲሰጥ ቁስሉ በጣም ገዝፎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ በሽታ በሌለባቸው ዝንቦች ቀድመው የተነከሱ አይጦች የተሻለ መከላከል እንደነበራቸው አሳየ፤ ሰውነታቸው ምራቁን አውቆታል። ከዚህ ተነስቶ የምራቅ ክትባት ሐሳብ መጣ። ሆኖም የአንዷ ዝንብ ዝርያ ምራቅ ከሌላዋ ይለያል፤ አይጥም ሰው አይደለም። «ይነክሱኝ፣ ልልመድ» ማለት ሕክምና አይሆንም።

አጎበሩን አላግባብ መያዝ

ክንድ አጎበሩ ላይ ተደግፎ ከተኛ ትንኟ በጨርቁ በኩል ትነክሳለች። አዲስ አጎበር መጀመሪያ 24 ሰዓት ጥላ ላይ ይናፈስ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃና በተራ ሳሙና ይሁን፤ በረኪና አይገባበትም፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣ። በሦስት ወር አንዴ ማጠብ በቂ ነው።

ሮቶን ክፍት መተው

አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በኋላ በአዋሽ ሰባትና በድሬዳዋም ታየች። ከሌሎቹ የሚለያት በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባቷ ነው። ከእንቁላል እስከ በረራ ከሰባት ቀን ጀምሮ ስለሚፈጅ፣ ባልዲና በርሜል በሳምንት አንዴ ይደፋ፤ የሮቶው ክዳን ይገጠም፤ ለግንባታ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ሥራው ሲያልቅ ይሞላ።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ለባለሙያው ከትኩሳቱ በፊት የት የት እንዳደሩ ከነቀኑ ይንገሩት። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ነጻ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት በማግስቱ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ።