የሽንኩርት ልጣጭ አትጣሉ

ከበግ ፀጉር የሚሸመን የግድግዳ ጌጥ መሥራት መጀመር ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ገበያ ውረዱና የተፈተለ ፀጉር ፈልጉ። ጥጥም ይሆናል፤ ግን ቀለም እንደ ፀጉር አይዝም። እኔ አስተማሪ አልነበረኝም፤ ሸማኔ ጎረቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ እያየሁ ነው የለመድኩት።

ቀለሜ ከወጥ ቤት ነው። ከፈትሉ ክብደት እኩል የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀቅላችሁ አጥልሉት። ፈትሉን በሳሙና አጥባችሁ፣ ለ100 ግራም 10 ግራም ያህል ሸብ (ቀለም የሚያሲዝ ጨው መሳይ ማዕድን) በሟሟበት ውሃ ለአንድ ሰዓት በዝግታ አሙቁት። ከዚያ ወደ ቀለሙ። እንዳይፈላ! ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁትም ተጨማድዶ ይጠባል። እዚያው ይብረድ። የሚወጣው የፋሲል ግቢ ድንጋይ አመሻሽ ላይ የሚመስለው ወርቃማ ቡኒ ነው። እርድ ይደምቃል፤ ግን ፀሐይ ቶሎ ትበላዋለች፣ ለሽያጭ አልነካውም።

የጥጥ ድር በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩ። ማጉን፣ ማለትም በድሩ መሃል የምታስገቡትን ቀለም የገባ ፀጉር፣ ላላ አድርጉት፤ ከጎተታችሁት ጎኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ንድፍ ወረቀት ላይ አልስልም፣ ቀለሙ ራሱ ይመራኛል።

ዋጋ ስትተምኑ ጉልበታችሁን ቁጠሩ። «ለወዳጅነት ቀንሺ» የሚል መቼም አይጠፋም። ጥር 11 ለጥምቀት ጎንደር በእንግዳ ስለሚሞላ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገቡ ትንንሾችን ከኅዳር ጀምራችሁ አዘጋጁ።